የአራት ቁጥር አልጋ ትእዛዝ

«የነኩት አረንጓዴውን ነው ወይስ ቀዩን?»

ያን ቀን አስታማሚዋን ያገኘ ሁሉ የሚጠይቃት ይህንኑ ነበር። በአረጋውያን መጦሪያው አራት ቁጥር አልጋ ላይ የነበሩት ሽማግሌ ሰዓት ጠጋኝ ከቀትር በኋላ ሞተው ተገኝተዋል። የልብ ምታቸው ወርዶ ስለነበር ሐኪሙ የልብ መድኃኒታቸው እንዲቆም ጠዋት በስልክ አዘው ነበር። ኮምፒውተሩ ላይ የተመዘገበው ግን «ይቀጥል» ነው። የመዝጋቢውም ስም የእሷ ነው። መድኃኒት አዳዩ ዝርዝሩን አይቶ የቀትሩን ኪኒን ሰጥቷቸዋል።

የትእዛዙ ፎርም ቀላል ነበር። የአልጋ ቁጥር ይጻፍና ከሥሩ ካሉት ሁለት ስዕሎች አንዱ ይነካል፤ አረንጓዴው ይቀጥል፣ ቀዩ ይቁም ማለት ነው። ፕሮግራመሩ በጽሑፍ ፈንታ ስዕል ያደረገው ማንበብ ለሚከብዳቸው ሠራተኞች ብሎ ነው። አስታማሚዋ ፊደል መቁጠር የጀመረችው በዚህ ዓመት፣ በጎልማሶች ክፍል ነው። እናቷ ከሞቱ ጀምሮ የትምህርት ቤት ደጅ ሳትረግጥ ታናሽ እህቷን አሳድጋ አስተምራለች። ታናሺቱ ዛሬ የዚሁ መጦሪያ ዋና ነርስ ናት።

ባልደረቦቿ «ወንፊት» የሚሏት መርማሪ አስቀድማ ያነጋገረችው ዋና ነርሷን ነበር። ነርሷም የሐኪሙን ስልክ ያነሳችው ራሷ እንደሆነች፣ ትእዛዙንም ወዲያው ለእህቷ እንዳስተላለፈች ተናገረች።

«እትዬን አይፍረዱባት» አለች ዓይኗን ከመስኮቱ ሳትነቅል፤ «ገና ፊደል እየቆጠረች ነው። ተምታቶባት ይሆናል።»

አስታማሚዋ ግን የተነገራትን ማስታወስ አልቻለችም።

«ታናሼ ነገርኳት ካለች ነግራኝ ይሆናል» አለች። «እሷ አትዋሽም። ሰውየውን የገደልኳቸው እኔ ነኝ ማለት ነው? ቤት ያለችው ልጄ ይህን ከሰማች በምን ዓይኔ አያታለሁ?»

መርማሪዋ አላጽናናቻትም። ለሙከራ አንድ ትእዛዝ እንድትመዘግብ ጠየቀቻት። ሴትዮዋ ቁጥሩን በከንፈሯ እያለች በአንድ ጣት ጻፈች። ከዚያ እጇን ከቁልፎቹ ላይ አንስታ ማውሱን ያዘች፤ ቀስቱን ስዕሉ መሐል አድርሳ፣ እንደ ማኅተም ረግጣ ተጫነች። ኢንተር የሚባለውን ቁልፍ ለምን እንደማትጠቀም ስትጠየቅ ሳልጨርስ ይልክብኛል ብላ እንደምትፈራው ተናገረች።

ፕሮግራመሩ ሽቦ በተጠላለፈበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነበር። ሁለቱም ስዕሎች ፎርሙን ወደ አንድ ቦታ እንደሚልኩ፣ ትእዛዙን የሚቀበለው ፕሮግራምም የትኛው እንደተነካ የሚለየው አብሮ በሚመጣው የስዕሉ ስም እንደሆነ አስረዳት።

«ስዕል ሳይነካ ኢንተር ቢጫንስ?»

ሰውየው ጉሮሮውን ጠረገ። «ፎርሙን የሚከፍተው ብሮውዘር የመጀመሪያው ስዕል እንደተነካ ቆጥሮ ይልካል። አረንጓዴው ነው የመጀመሪያው። አስተካክለዋለሁ እያልኩ ዋልኩ አደርኩ። ለሌሎቹ ትንገር ብዬ ለዋና ነርሷ ነግሬያት ነበር።»

«ከስሙ ጋር ሌላ የሚመጣ ነገር የለም?»

«ትናንት ሽማግሌው ከሞቱ በኋላ ዋና ነርሷም ይህንኑ ጠይቃኝ የለም ብያት ነበር» አለና የተላከው ሁሉ የሚቀመጥበትን የሰርቨሩን መዝገብ ከፈተ። አንብቦ ሳይጨርስ ፊቱ ተለወጠ።

በማግስቱ ጠዋት አራቱም በሠራተኞች ምግብ ክፍል ተሰበሰቡ፤ ሐኪሙ፣ ፕሮግራመሩና ሁለቱ እህትማማቾች። መርማሪዋ ሁለት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

«ስዕል ሲነካ» አለች፣ «ስሙ ብቻ አይደለም የሚላከው። ስዕሉ የቱ ጋ እንደተነካ የሚያሳዩ ሁለት ቁጥሮችም ይላካሉ፤ ከግራ ስንት፣ ከላይ ስንት። ይህ የአስታማሚዋ የሁለት ወር መዝገብ ነው። አርባ አንድና ሠላሳ ስምንት፣ አርባና ሠላሳ ዘጠኝ፤ ሁሌም መሐሉን ነው። በስሟ የገባው የአራት ቁጥር አልጋ ትእዛዝ ግን ዜሮና ዜሮ ነው። ዜሮና ዜሮ የሚመጣው ስዕል ሳይነካ ኢንተር ሲጫን ነው።»

ሐኪሙ ሁለተኛውን ወረቀት ሳብ አደረጉ። ከላይ እስከ ታች ዜሮና ዜሮ ነበር።

«ይሄ የማን ነው?»

«የዋና ነርሷ። እጃቸው ፈጣን ነው፤ ማውስ አይነኩም። በእነዚህ ሁለት ወራት የላኩት ሁሉ ‹ይቀጥል› ስለነበር ችግሩ አልታየም። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሊያቆሙ ፈለጉ። በእህታቸው ስም ተከፍቶ የተተወ ኮምፒውተር አገኙ፤ ቁጥሩን ጽፈው፣ ቀዩን ሳይነኩ፣ እንደ ልማዳቸው ኢንተር ተጫኑ። ይህ የችኮላ ስህተት ነው። ሽማግሌው ሲሞቱ ግን ጣታቸው ምን እንዳደረገ ገብቷቸዋል፤ ማስጠንቀቂያው የተነገረው ለእሳቸው ነውና። ወደ ፕሮግራመሩ የሮጡትም ለዚህ ነው። ሌላ ማስረጃ የለም ሲባሉ ጥፋቱን ለእህታቸው ተዉት።»

ዋና ነርሷ ቀና ብላ ያየችው መርማሪዋን ሳይሆን እህቷን ነበር።

«እትዬ፣ አንቺን አይጎዱሽም ብዬ ነው። አታነብም ብለው ይተዉሻል ብዬ።»

«ስልኩ ሲመጣ እኔ የት ነበርኩ?»

«ላይኛው ክፍል። አንሶላ እየቀየርሽ።»

«እንግዲያው አልነገርሽኝም።»

«አልነገርኩሽም።»

አስታማሚዋ ሌሊቱን ሙሉ ያንን ጠዋት ደቂቃ በደቂቃ ስትፈትሽ፣ እህቷን ሳይሆን የገዛ ጭንቅላቷን ስትጠረጥር ነበር ያነጋችው። አሁን ራሷን በሁለት እጇ ይዛ ተቀመጠች።

ዋና ነርሷ ከመርማሪዋ ጋር ወጣች። ፕሮግራመሩ በሳምንቱ ሥራውን ለቀቀ። አስታማሚዋ ሥራዋ ላይ ቀረች።