ሎሚ የገባበት ዳጣ

አቶ ጫንያለው በሁዳዴ፣ አርብ ቀን፣ ሽሮ ፊታቸው እንደቀረበ ሞተው ተገኙ። ከሽሮው አጠገብ ደግሞ የዱረቲ ዳጣ! የነቀምቴው ጨለለቂ ሰፈር ውስጥ ወሬ እግር አያስፈልገውም፤ ሳይመሽ «የዚያች ልጅ ዳጣ ገደላቸው» ተባለ።

ዱረቲ ጥብስ ቤት በር ላይ ነው ዳጣ የምትወቅጠው፦ ቃሪያ፣ በሶብላ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጤና አዳም። ነቀምቴ ሁሉም ሰው ሁዳዴን ስለማይጾም ከሰሉ አይጠፋም። በማግስቱ ፖሊስ ይዟት በገበያ መሀል ሲያልፍ፣ ትናንት «ጨምሪልን» ሲሏት የነበሩት ፊታቸውን አዞሩ። አንዷማ እንትፍ አለች። ዱረቲ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት።

ኢንስፔክተር ወለቴ ግን ወደ ጣቢያ ሳይሆን ለቅሶ ቤት አስገቧት። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው። የሟች ሚስት እትዬ ሸዋረገድና ጎረቤት የሆኑት የሟች ወንድም ጋሽ ቂርቆስ ሳሎን ተቀምጠዋል። ማዕዱ ፖሊስ አትንኩ ስላለ እንዳለ ነው።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ይሄን የወቀጥሽው አንቺ ነሽ?» አሉ ኢንስፔክተሯ።

«አዎ፣ አዴ» አለች ዱረቲ፣ እንደ እናት እያከበረቻቸው።

«በይ ቅመሺዋ።»

«ኧረ እንዳትነካው!» ጋሽ ቂርቆስ ብድግ አሉ። ዱረቲ ግን በጣቷ ጠርጋ ዋጠችው። ኢንስፔክተሯም ቀመሱና ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ወይኔ ቃሪያው! መርዙ እሱ ብቻ ነው። ሎሚ አለው። ሎሚ ለየትኛው ምግብ ነው የምትጨምሪው?»

ዱረቲ አቀረቀረች። አቶ ጫንያለው በየአርቡ በጓሮ በኩል እየመጡ «‹እናቴ ትሙት፣ ለማንም አልናገርም› በዪ» እያሉ አስምለዋታል።

«ለሳቸው ስታፍሪ አንቺ ልትታሰሪ ነው እኮ!»

«ለጥብስ ብቻ» አለች፣ ለጉልበቷ የምታወራ ይመስል። «ስቡን ይቆርጠዋል። ለሽሮ አላደርግም።»

«ባሌ? በጾም ሥጋ?» ጮኹ እትዬ ሸዋረገድ። «ስንቱን ሰው ጹም እያለ የሚገስጽ?»

«ስሙኝ» አሉ ኢንስፔክተሯ። «ዳጣው የጥብስ ነው፤ ጥብስ ግን የለም። እንጀራው አልተቆረሰም፤ የሟች ጣቶች ግን በስብ ወዝተዋል። ውሻችሁ ጓሮ ሲግጥ ያገኘሁት አጥንት ላይ በሶብላ ተለጥፏል። ስለዚህ ማዕዱ የተቀየረው ከሞቱ በኋላ ነው። ጋሽ ቂርቆስ፣ ትናንት ምን ሰሙ?»

«ሳል… የሚያንቅ ሳል። በሩን ደበደብኩ፣ ተቆልፏል። ሸዋረገድ ከውስጥ ‹እየጸለየ ነው› አለችኝ። ተመለስኩ።»

«ሥጋ አንቋቸው ነው። ቀብሩ ይቆይ፣ ሐኪም ያያቸዋል። በሩ ቢከፈት ግን ምናልባት ይተርፉ ነበር።»

እትዬ ሸዋረገድ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ።

«ቂርቆስ ሥጋውን ያያል ብዬ ነው። ትንሽ አስሎ የሚለቀው መሰለኝ። እሱ ራሱ በእጁ ‹አትክፈቺ› አለኝ… እጁ እስኪወድቅ ድረስ።»

«ይቺንስ ልጅ?»

«እሷማ… ዳጣዋ ገደለው ብዬ ያስወራሁት፣ እሷ ላይ ቢሆን የኛ ነገር አይወጣም ብዬ…»

ዱረቲ የአቶ ጫንያለውን ምስጢር ቀድማ ብትናገር ኖሮ ይሄ ሁሉ ባልመጣ እያለች ታስባለች።

«ኢንስፔክተር» አሉ እትዬ ሸዋረገድ ከነጠላው ውስጥ፣ «ሐኪሙ… ያየውን ለሰው ይናገራል?»

ኢንስፔክተሯ ሐኪም ሊያስጠሩ ወጡ። ዱረቲ ነጻ ብትወጣም ቀና ብላ እትዬ ሸዋረገድን ልታያቸው አልቻለችም፤ በሩን የቆለፈችው እሷ ይመስል።