የሙሀመድአወል ጂፕ ዝም ያለችበት ሳምንት

የበርበሬ ነጋዴው ሙሀመድአወል በስድሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ በኅዳር ወር፣ አንድ ረቡዕ ከቀትር በኋላ፣ ከእንሴኖ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ ቁልቁለት ስር፣ አሮጌ ጂፑ ውስጥ መሪውን እንዳቀፈ ሞቶ ተገኘ። ሃምሳ አለቃ ሽባባው ተጠርቶ ሲደርስ ግማሹ ከተማ ገደሉን ከቦ፣ ሌላው ግማሽ ፍርዱን ጨርሶ ነበር።

«ከማሉ ነው የገደለው! ያ መካኒክ! ስንት ቀን ቋ ቋ ስትል አልነበር? ጎማዋን ሳያጠብቅ ለቀቃት!»

እውነትም ያቺ ጂፕ ከፊቷ የምታሰማው ድምፅ አገር ያወቀው ነው። እንሴኖ ላይ ቋ ስትል ቡታጅራ ላይ ዶሮ ከቆጡ ይወርዳል። የጥያ ድንጋዮች ያዘነበሉት እሷ ስታልፍ ደንግጠው ነው የሚሉ ሽማግሌም ነበሩ፤ ደፍሮ ያስተባበላቸው የለም።

ሽባባው በወጣትነቱ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ ሞተርን በጆሮው ያክማል ይሉታል። ያን ቀን ግን ጆሮውን ትቶ በዓይኑ ሠራ። የፊት መስታወቱ አልተሰነጠቀም። የሟቹ ግንባር ጭረት የለበትም። የተመታው ማጅራቱ ላይ ነው። ማርሹ ደግሞ ዜሮ ላይ ቆሟል።

«ከፊት የተጋጨ መኪና ሰውን ከኋላ የሚመታው በየትኛው እጁ ነው?» አለ ለራሱ።

ሙሀመድአወል በዕለቱ ተቀበረ። ከማሉ በዕለቱ ታሰረ። ሰኞ ጠዋት ወደ አውራጃው ወህኒ እንዲላክ ተወሰነ፤ ከዚያ ደግሞ የገባው እንጂ የወጣው አይወራም። ለሽባባው የቀረው አራት ቀን ብቻ ነበር።

«ወላሂ ሃምሳ አለቃ፣ ሁለት ሳምንት ፈለግኩት!» አለ ከማሉ በእስር ቤቱ በር ፍርግርግ። «ጎማዋን በክሪክ አንስቼ ወዘወዝኩ፤ ንቅንቅ የለም። ባሌስትራዋን በመዶሻ መታሁ፤ ጤነኛ ነው። የመሪዋን ዘንግ ፈትቼ ገጠምኩ፤ እንደ ሙሽራ ጥርስ ጥብቅ ያለ!»

«ነድተሃታል?»

«እሱ አይደል የሚያናድደው! እኔ ስነዳት ጭጭ። ባለቤቷ ከተረከበኝ ግን ጥግ ሳይዞር ቋ! ‹አንተን ትፈራለች› እያለ ይስቅብኝ ነበር። ጂኒ አለባት ብዬ ተውኳት።»

«ለመሆኑ በምን ትነሣለች?»

«ባትሪዋ ከሞተ ዓመት አልፎታል። በማኖቬላ ነው፤ ብረቱን ከፊቷ ሰክቶ በእጅ ማዞር።»

«ከተነሣች በኋላ ብረቱን የት ታደርገዋለህ?»

«እግሬ ስር እወረውረዋለሁ። ምን አገናኘው?»

ሽባባው ፈገግ ብሎ ሄደ። በቀጥታ ጂፗ ዘንድ ደርሶ ከፊት ፓራውልቷ ጀርባ ተንበረከከ። ማኖቬላው የሚሰቀልባቸው ሁለት መንጠቆዎች አሉ፤ ባዶ ናቸው። ብረቱን ጠርቆ ይይዝ የነበረው ጠፍር ከተበጠሰ ቆይቷል። ከጎኑ ደግሞ የአውራ ጣት ያህል ቦታ ቀለሙ ተልጦ እንደ አዲስ ሽልንግ ያበራል።

ቀጥሎ ወደ ወረዳ ፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ወደ አቶ ዓለምዘውድ ሄደ። ጸሐፊው በጂፗ ላይ መዛታቸውን የማያውቅ አልነበረም።

«ገደል ብትገባ ጧፍ አበራለሁ ብያለሁ፤ አልክድም» አሉ ዓለምዘውድ። «በየማለዳው ከአልጋዬ ታወርደኛለች። የሰው ነፍስ ግን ምን በወጣኝ!»

«ረቡዕስ ሰሟት?»

«አልሰማኋትም። የሳኒን የወሰን ጉዳይ ስገለብጥ ነበር። የሳኒ ሟች ወንድም ልጆች የእንሰት ማሳ እግር አውጥቶ ወደ ሳኒ ግቢ ይሄዳል ይባላል። ሐሙስ ዕለት ሙሀመድአወል ሊመሰክርበት ነበር እኮ።»

ሳኒ ቤቱ ከቁልቁለቱ አናት ላይ ነው። ቅዳሜ ለምሳ ሰዓት ሽባባው ደጁ ላይ ቆሞ ተገኘ።

«አሰላሙ አለይኩም፣ አቶ ሳኒ።»

«ወአለይኩሙ ሰላም! ይግቡ፣ ይግቡ። ምስኪን ሙሀመድአወል እዚሁ ደጄ ላይ ቆሞ ነበር። ሰላም ተባባልን፣ ሞተሩን አስነሣ፣ ሄደ። ቁልቁለቱን ቋ! ቋ! ቋ! እያለ ወረደ፤ ከዚያ ጓ! እየሮጥኩ መጀመሪያ የደረስኩት እኔ ነኝ።»

«ቋ ቋውን እስከ መጨረሻው ሰሙት?»

«እስከ መጨረሻው! በዚህ ጆሮዬ!»

ባለቤቱ ሰፍያ ጎመንና ቆጮ ይዛ ገባች። ቆጮው እንደ ከሰል ጠቁሯል።

«ይቅር ይበሉኝ ሃምሳ አለቃ፣ ለእንግዳ እንዲህ ያለ ማቅረብ ነውር ነው» አለች። «የቆጮ ጉድጓዴን ሰው ነክቶብኛል። ቅጠሉን ገልብጦ፣ ድንጋዩን እንደ ነገሩ ጭኖበት ሄደ። ሴት እንዲህ አትከድንም።»

«ጅብ ይሆናል» አለ ሳኒ ፈጥኖ።

«ጅብ ድንጋይ መልሶ ይጭናል እንዴ?» አለች።

ሽባባው ጥቁሩን ቆጮ ሙልጭ አድርጎ በላና አመስግኖ ወጣ።

እሁድ ከተማው በሙሉ ፖሊስ ጣቢያው ፊት ተሰበሰበ። ጂፗ በስምንት በሬ ተጎትታ ወጥታለች፤ ተራኪ ሲበዛ በሬዎቹ ሃያ ይሆናሉ። ከማሉ እጁ ታስሮ ቆሟል። የሟቹ ሚስት ሃሊማ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተቀምጣለች። ሽባባው መሪውን ያዘ፣ ሰዉ ገፋ፣ ሞተሩ ተነሣ። ድንጋይ በበዛበት ሜዳ ላይ ሦስት ጊዜ አዞራት።

ቋ የለም። ሰው እርስ በርሱ ተያየ።

«ቤተ ዘመድ፣ ጎረቤት» አለ ሽባባው ወርዶ፣ «ገደል የገባ መኪና ይብሳል እንጂ ይሻለዋል? ይህች ምን በልታ ዳነች? ከማሉ ሲነዳት ዝም የምትለው ብረቱን እግሩ ስር ስለሚጥለው ነው። ሙሀመድአወል ግን መንጠቆው ላይ ይሰቅለዋል፤ ጠፍሩ ተበጥሷል፤ ብረቱ አካሏን ይደበድባል። የምትጮኸው ማኖቬላው ነው! ማኖቬላው ደግሞ የለም። የሙሀመድአወልን ማጅራት መትቶ ቀርቷል። እርስዎ አቶ ሳኒ፣ ሞተሩን ላስነሣልህ ብለው ብረቱን ተቀበሉት፤ መቱት፤ መሪው ላይ አስቀምጠው ማርሹን ዜሮ አድርገው ለቀቁት። መኪናዋ የወረደችው በዝምታ ነው። ታዲያ ያን ቋ ቋ ከየት ሰሙት?»

«ሰው ሰርቆት ይሆናላ! ከገደሉ!»

«መጀመሪያ የደረስኩት እኔ ነኝ ያሉኝ እርስዎ ነዎት። ወይዘሮ ሰፍያ፣ ቆጮ ብረት ቢነካው ምን ይሆናል?»

«ይጠቁራል» አለች ሰፍያ። «ለዚህ አይደል እንሰቱን በቀርከሃ የምንፍቀው። ሴት የሆነች ሁሉ ታውቃለች። ወንድ ግን ሥራው አጠገብ ስለማይደርስ...»

አልጨረሰችውም። ባሏን አየችው። ከዚያ ሦስት ጎረቤቶቿን ጠርታ ወደ ጓሮዋ ሄደች፤ ስትመለስ ከቆጮው ጉድጓድ የወጣ፣ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ረጅም ብረት ሽባባው እግር ስር አስቀመጠች። ሳኒን ዳግመኛ አላየችውም።

ከማሉ እጁ ተፈታ። መጀመሪያ የነካው የታሰረበትን አንጓ ሳይሆን የተበጠሰውን ጠፍር ነበር።

«አዲስ ጠፍር ላድርግላት፣ እትዬ ሃሊማ?»

«ተዋት ልጄ» አለች ሃሊማ። «ትጩህ።»

ሰኞ ጠዋት ወደ አውራጃው የተወሰደው ሳኒ ሆነ፤ ያውም በዚያችው ጂፕ። ከማሉ ማኖቬላውን ሰክቶ ሞተሩን አስነሣ፤ እግሩ ስር ሊወረውረው ሲል ሽባባው እጁን ያዘው።

«ኤግዚቢት ነው፤ በቦታው ይሂድ።»

ብረቱን መንጠቆው ላይ ሰቀለው። ጂፗ የመጀመሪያውን ጉድጓድ እንደገባች ዶሮዎቹ ከቆጥ ወረዱ። ቋ! ቋ! ቋ! ሳኒ በካቴና የታሰሩ እጆቹን ወደ ጆሮው አነሣ።

ሽባባው ወደ ኋላ ዞሮ፣ አንቱታውን እዚያው መንገድ ላይ ጥሎ፣

«አሁንስ ሰማህ?» አለው።