የአምስት ምት ዝምታ

«ድምፁ አልተበላሸም እልሻለሁ! ትራምፔት ነፊው ሲተነፍስ ይሰማል እኮ!»

«ጉልሌ፣ ትንፋሽ ሙዚቃ አይደለም» አለች ትርሲት። «አምስት ምት ጎድሏል፤ ሞላሁት። ምኑ ነው ያንገበገበህ?»

ጉልላት ፊልሙን ወደ ኋላ መለሰው። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት፣ በሃያኛው ክፍለ ዘመን፣ ሃቫና ውስጥ የተቀረጸ ነው። ስድስት ጥቁር ኩባውያን ከበሮ፣ ፒያኖና ትራምፔት ይጫወታሉ። በመካከላቸው ባለ አንድ ባዶ ወንበር ላይ ባርኔጣና ክላቬ ተቀምጠዋል፤ ክላቬ እየተጋጩ የሙዚቃውን ልክ የሚጠብቁ ሁለት አጫጭር እንጨቶች ናቸው። ዘፈኑ ሲግል ስድስቱም በአንዴ ያቆማሉ። ወደ ወንበሩ እያዩ አምስት ጊዜ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ከዚያ እኩል ይገባሉ።

ትርሲት በሞላችው ቅጂ ግን እንጨቶቹ ማንም ሳይነካቸው ቋ፣ ቋ ይላሉ።

«የሞተው ጓደኛቸው ቦታ ነው» አለ። «ሆን ብለው ነው የተዉለት።»

«ተመልካች ይህን በምን ያውቃል? ተበላሸ ነው የሚለው። ቅጂው ስድስት ሰዓት ላይ ይታሸጋል፤ አትነጫነጭ።»

የሚያናግረው ድምፅ የሚስቱ ነበር፤ ሣቁም የሷው። ትርሲት ከሞተች ስምንት ወሯ ነው። ቤተ ሙከራው ለየክፍሉ የመደበው ጎዶሎ-ሞይ፣ ማለትም የጠፋን ድምፅ ከተረፈው ተነሥቶ የሚሠራው መሣሪያ፣ በሣልስቷ ማግሥት ከሥራ ወንበሯ በሷ ድምፅ «እንደምን አደርክ» አለው። ማንም አልተገረመም፤ በሌሎች ክፍሎችም ሞዮቹ የጎደለ ሰው ድምፅ ይዘው ያወሩ ነበር። እሱም «እንደምን አደርሽ» አለ።

ድምፅ የሚሞላውም እሱን የሚያነጋግረውም መሣሪያ አንድ ነው፤ ክፍት እስከሆነ ድረስ ጎዶሎ አይተውም። አምስቱን ምት ባዶ ለመተው ሞዩን መዝጋት ያስፈልጋል፤ ከተዘጋ ደግሞ የተማረው ድምፅ ሁሉ አይመለስም።

ጣቱ ወደ መዝጊያው ሲሄድ አየችው።

«ተው እንጂ! ማን ሊያነጋግርህ ነው?»

ትርሲት በሕይወት ሳለች ስትናደድ ዝም ትል ነበር፤ እሑድ ከተኳረፉ እስከ ማክሰኞ። ይቺኛዋ በስምንት ወር ውስጥ አንድ ቀን ዝም ብላበት አታውቅም።

ዘጋው።

ፊልሙን ከመጀመሪያው አጫወተው። ስድስቱ ሰዎች አቆሙ። ትራምፔት ነፊው ተነፈሰ። ጉልላት ወደ ባዶው የትርሲት ወንበር ዞሮ ከነሱ ጋር አምስት ጊዜ ራሱን ነቀነቀ። የሚያለቅስ መስሎት ጠበቀ፤ እንባው አልመጣም። ሙዚቃው ገባ።

ቅጂውን ዝምታው እንዳለ አሸገ። ኮቱን አንሥቶ፣ የክፍሉን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ትቶ ላይመለስ ወጣ። ኮሪደሩ ላይ ባልደረቦቹ ምሳ የት እንደሚበሉ ይከራከሩ ነበር። በመካከላቸው አልፎ ሄደ፤ አንድም ቀና ያለ የለም።