የቃል ፈረስ

ጤዛው ሳይረግፍ ውርንጭሎቹን እንይዝና መሬት ላይ በተወጠረው ጠፍር እናስራቸዋለን። እናቶቻቸው ባዝሮቹ ሩቅ አይሄዱም፤ ጡታቸው ሲሞላ በራሳቸው ይመጣሉ። ውርንጭላው ትንሽ ከጠባ በኋላ አንዱ ሰው ሳብ አድርጎ ከእናትየው አፍንጫ ስር ይይዘዋል፤ ሌላው በአንድ ጉልበቱ ተንበርክኮ ያልባል። ወተቱ ደጃፉ አጠገብ በተሰቀለው ትልቅ ስልቻ ውስጥ ይገባል፤ የገባ የወጣ ሁሉ ይንጠዋል። በቀን ስድስት ጊዜ እናልባለን።

ባዝራ ማለብ የወንድ ሥራ ነው። ሃያ ዓመት በሞላኝ ጊዜ ግን አባቴን ፈረስ ጣለውና ትከሻው ተሰበረ። እኔ ወንድም የለኝም። የእናቴ ወገኖች፣ ውርንጭሎቹ በመጸው እስኪለቀቁ ድረስ እንዲያግዘን አንድ ሰው ላኩልን፤ ቡጂር ይባላል።

የመጀመሪያው ቀን ባዝራዋ ደንብራ ስትዞር እኔ የያዝኩት የእሱን እጅጌ ነበር።

«ናሪን፣ ውርንጭላውን ያዢ፤ እኔን አትያዢ» አለ፣ ቀና ሳይል።

«አንተንማ ማን ይይዝሃል? በግ በግ ትሸታለህ።»

«የበግ ሽታ የምትጠላ ልጅ የሱፍ ድንኳን ውስጥ ምን ታድራለች?»

ሳቄን ለመደበቅ ውርንጭላው አንገት ላይ አጎነበስኩ።

አንዲት ባዝራ መሃላችን ቆማ፣ በቀን ስድስት ጊዜ። ብዙ ማውራት አያስፈልግም ነበር። አንድ ቀን ግን ከመንጋው ጠርዝ ለብቻው የሚግጠውን ፈረስ በአገጩ አሳየኝ።

«ያንን ዳማ ማንም ሲጭነው አላየሁም።»

«የእኔ ነው።»

«ታዲያ ለምን አትጋልቢውም?»

«የቃል ፈረስ ነው።»

የወተቱ ድምፅ ቆመ። ከዚያ ቀጠለ።

ዘጠኝ ዓመቴ ሳለ አንድ ሰው ከምዕራብ መጥቶ ለልጁ አጨኝ። ዳማውን የቃሉ መያዣ አድርጎ ትቶ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሳሩ አስራ አንድ ጊዜ ለመለመ፤ የመጣም፣ ወሬ የላከም የለም።

ቡጂር ያንኑ ሰሞን እኔን እንዲድርለት አባቴን ጠየቀው። እኔ ስልቻውን መናጥ አላቆምኩም።

«ደግ ሰው ነህ» አለ አባቴ። «ግን የሰው ፈረስ መንጋዬ ውስጥ ቆሞ ልጄን ለሌላ ብድር ሰው ምን ይለኛል? ፈረሱ እስካለ ቃሉ አለ። የሞተ ዕለት እንነጋገራለን።»

ቡጂር እሺ ብሎ ወጣ። በማግስቱ እንደ ወትሮው አለበ። እኔ ግን በየጠዋቱ የዳማውን ጥርስ ማየት ጀመርኩ። ጥርሱ ያረጀ ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

ውርንጭሎቹ ሊለቀቁ ጥቂት ቀናት ሲቀሩ፣ ወንዙ ዳር ኩበት ስለቅም ዳማውን አየሁት። ማጥ ውስጥ ገብቶ እስከ ሆዱ ሰምጧል። ጭቃው ላይ ስስ በረዶ ነበር። ፈረሱ አየኝ። አላሽካካም፤ አየኝ ብቻ።

ቆምኩ። አልጮህኩም። ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም፤ ጭቃው ጎኑን ሲያለብሰው ግን አይቻለሁ።

ቡጂር ከኋላዬ መጣ። ፈረሱን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ፣ ከዚያ ባዶ ቅርጫቴን። ካባውን አውልቆ ጣለ።

«ጠፍሩን አምጪ።»

«ቡጂር፣ ተወው።»

ማጡ ውስጥ እስከ ወገቡ ገብቶ ነበር።

«ፈረሱ ምን አደረገ?» አለኝ።

ሮጬ የውርንጭሎቹን ጠፍር ፈታሁ። እስከ እኩለ ቀን ሳብን። በመጨረሻ አባቴም ደርሶ በደህና እጁ ሳበ። ዳማው ሲወጣ እግሮቹ ይንቀጠቀጡ ነበር፤ የቡጂር ከንፈር ደግሞ ጠቁሯል።

«መቼ ነው ያየሽው?» አለኝ አባቴ።

«ጠዋት፤ ቡጂር ሳይመጣ።»

አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ዳማው ሲያገግም፣ አባቴ የራሱን ፈረስ ጭኖ የዳማውን ማሰሪያ ኮርቻው ላይ ቋጠረ።

«ይህ ሰው ቃሌን ከማጥ አወጣልኝ» አለ። «የቀረውን መንገድ፣ እስከ ባለቤቱ ድረስ፣ እኔ ልውሰደው።»

«በአንድ እጅዎ?» አለ ቡጂር።

«አንተ ባዝሮቹን ጠብቅ።»

በአርባ ቀኑ፣ በረዶው ከጣለ በኋላ፣ ዳማውን ሳይዝ ተመለሰ። እሳቱ አጠገብ ተቀምጦ ቦት ጫማውን እስኪያወልቅ ጠበቅን።

«ልጁ ሚስት አግብቶ ሁለት ወልዷል» አለ። «አንቺን ረስተውሻል። ፈረሱን ግን ከሩቅ ነው ያወቁት።» ከዚያ ሳቀ፤ ትከሻው ከተሰበረ ወዲህ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም። «ቡጂር፣ ለሚመጣው ሳር ባዝሮቼን ማን ያልብልኛል?»

ቡጂር ተነስቶ ስልቻውን መናጥ ጀመረ።

ሃያ ስድስት ጊዜ ሳር አብረን አየን። ያቺን ጠዋት አንድም ቀን አላነሳብኝም። ባለፈው ጸደይ ሦስት ቀን አሳለውና ሞተ።

ዛሬ ጠዋትም ውርንጭሎቹን አሰርን። ውርንጭላውን የምይዘው አሁንም እኔ ነኝ፤ የሚያልበው የልጄ ባል ነው። እጁ ጥሩ ነው፣ ባዝሮቹም ለምደውታል። ባዝራዋ ስትደነብር እጅጌውን ብይዘው ይቅርታ ይለኛል። እኔን አትያዢ የሚለኝ የለም።