ከ«ቁም» ምልክት ሥር

መርማሪዋ ከተዋሰችው መሰላል ላይ ቆማ አመልካች ጣቷን በካሜራው መስታወት ላይ አሳለፈች። ጣቷ ግራጫ ሆነ። እሱኑ እያየች ቀስ ብላ ወረደች።

ከታች፣ የ«ቁም» ምልክት ከተተከለበት ኮንክሪት አጠገብ፣ ጡረተኛው መምህር ማለዳ ሞተው ተገኝተዋል። የመንደሩ ኮሚቴ መሰላል በላያቸው ወድቆ፣ በቀኝ እጃቸው ጨርቅ ነበር። መንደሩ ያለው አንድ መስቀለኛ መንገድና አንድ ካሜራ ነው። ካሜራው ፎቶ የሚያነሳው ሳይቆም የሚያልፍን መኪና ብቻ ነው፤ ፎቶውን አይተው ቅጣት የሚጽፉት ደግሞ መምህሩ ነበሩ።

«መስታወት ሲወለውሉ ወድቀው ነው» አለ የኮሚቴው ሊቀመንበር። «ካልሆነም መሰላሉን የነቀነቀ አለ። ዳቦ ጋጋሪውን ይያዙት። ዘንድሮ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ተቀጥቷል። ‹ይህን ዓይን አንድ ቀን አወጣዋለሁ› ሲል ያልሰማው የለም።»

«እርስዎስ ዛሬ ጠዋት በዚህ አላለፉም?»

«አልፌያለሁ፤ የዳቦ መኪናው እንዳለፈ፣ ቆሜ፣ ግራ ቀኙን አይቼ። ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ማንም አልነበረም።»

ዳቦ ቤቱ በር ላይ ሁለት ፖሊሶች ጋጋሪውን ሊወስዱ ይጠብቃሉ። እሱ ሊጡን ያሻል፤ ቀና አይልም።

«አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ፎቶ አለህ» አለች መርማሪዋ። «ዛሬም አልቆምክም።»

«ዳቦው ይቀዘቅዛላ!»

«ትጠላቸው ነበር?»

«አጎቴ እኮ ናቸው፤ የእናቴ ወንድም። ይቀጡኛል፣ እጮህባቸዋለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ...» አፉን ያዘ።

«ቅዳሜ ምን?»

«ምንም። ቃል ገብቻለሁ።»

«ቃልህ እስር ቤት ያስገባሃል።»

«ያስገባኛ።»

የመምህሩ ባለቤት ማበጠሪያ በእጃቸው ይዘው ተቀምጠዋል።

«የሱ ነው» አሉ። «ጠዋት ጠዋት የማበጥረው እኔ ነኝ። ክንዱ ከጆሮው በላይ አልነሳ ካለ ሁለት ዓመቱ። እንዳይሰማበት ሲደብቅ! ኩራቱስ አይጣል።»

መርማሪዋ ግድግዳው ላይ ወደተንጠለጠለው ቁልፍ እያየች «ያስ?» አለች።

«የኮሚቴው መጋዘን ቁልፍ ነው። ሌላኛው ሊቀመንበሩ ጋ ነው።»

ከሰዓት በኋላ ሦስቱን በኮሚቴው ቢሮ ሰበሰበቻቸው።

«መምህሩ መሰላል አልወጡም» አለች። «መስታወቱ አቧራ እንደያዘ ነው፤ ጨርቁ ንጹሕ ነው። የማይነሳ ክንድ ደግሞ ካሜራ አይወለውልም።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ማን ሲወለውለው ኖረ?» አለ ሊቀመንበሩ።

መርማሪዋ ወደ ጋጋሪው ዞረች። አንገቱን ደፋ።

«እኔ ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ሰው ሳይነሳ። የሚቀጣኝን ካሜራ እኔው እንደማጸዳ ቢሰማ መሳቂያ መሆኔ አይደል? እሳቸውም ክንዳቸው እንዲወራ አልፈለጉም።»

«ውይ ልጄን!» አሉ ባለቤታቸው።

«ይህን የሚያውቅ ሰው ወድቀው ሞቱ ለማሰኘት መሰላል አያመጣም» አለች መርማሪዋ። «ያመጣው መምህሩ መሰላል ይወጣሉ ብሎ የሚያምን ነው። መሰላሉ የሚቆለፈው መጋዘን ውስጥ ነው። አንዱ ቁልፍ ቤታቸው ተሰቅሏል። ሌላውስ?»

የሊቀመንበሩ እጅ ወደ ኪሱ ሄዶ ተመለሰ።

«ማንም አልነበረም ብለውኛል። በጋጋሪው ፎቶ ጥግ ግን መምህሩ ወረቀት ይዘው ቆመዋል፤ መሰላል የለም። ከዚያ ወዲህ ካሜራው ምንም አላነሳም። መሰላሉን በመኪና ያመጣው ሰው ምልክቱ ጋ ቆሟል ማለት ነው። ጋጋሪው ቢመለስ ኖሮ እሱ መቼ ይቆማል?»

ከቦርሳዋ ቀደም ባለ ቀን የተነሣ አንድ ፎቶ አወጣች። የሊቀመንበሩ መኪና ምልክቱን ሳይቆም ሲያልፍ ይታያል።

«እርስዎ ከመዝገቡ ሰርዘውታል። መምህሩ ግን ዛሬ ስብሰባ ላይ ሊያሳዩት አትመውት ነበር። በእጃቸው የነበረውን ቀሟቸው፤ ግልባጩ መሳቢያቸው ውስጥ ቀረ። እሳቸው መምህር አይደሉ?»

ሊቀመንበሩ ፎቶውን በመዳፉ ሸፈነ።

«ካሜራው እንዲተከል መንደሩን የለመንኩት እኔ ነኝ» አለ። «አንድ ቀን ብቻ ነው ያልቆምኩት። ወረቀቱን ስጡኝ ብዬ ገፋ አደረግኳቸው... ኮንክሪቱ ነው...»

ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ። ጋጋሪውም ተነሣ።

«ቆይ» አለች መርማሪዋ። «ዛሬ ጠዋት አልቆምክም።» የቅጣት ወረቀቱን ዘረጋችለት። ሃያኛው ነበር። ፈረመ፤ ጠርዙ ላይ የአውራ ጣቱ የዱቄት አሻራ ቀረ።

በጠራራ ፀሐይ የዳቦ መኪናው ከምልክቱ ሥር ደርሶ ቆመ። ሞተሩ ጠፋ። ጋጋሪው ጣሪያው ላይ ወጥቶ መስታወቱን ሲወለውል ከተሰበሰቡት ሰዎች መሃል አንዱ ሳቀ፤ የመምህሩ ባለቤት ዞር ብለው ሲያዩት ግን ባርኔጣውን አወለቀ። ጋጋሪው ሲጨርስ ጨርቁን አራት አጥፎ፣ ከመሪው አጠገብ አስቀመጠው።