ቢስሚላህ ያልተባለበት በግ

ይህን ተረት ነው ብሎ የሚያልፍ ይለፍ። እኔ ግን ከአክስቴ ከራሂማ አፍ ነው የሰማሁት። ራሂማ ደግሞ በሕይወቷ ቀልድ እንጂ ውሸት አታውቅም።

ዕለቱ ቅዳሜ ነው። ሰዓቱን ስነግራችሁ እኩለ ሌሊት እንዳይመስላችሁ...

እኩለ ቀን ነው። ፀሐይ አናት ላይ ቆማለች። ቦታው ከሐርቡ ወረድ ብሎ ካለ ወንዝ ዳር ነው።

ደሴ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ተሰባስበው በእግር የሚጓዙ ጡረተኞች አሉ። ሐኪም "ስኳራችሁ ወጥቷል፣ ግፊታችሁ ጨምሯል፣ ተራመዱ" ብሏቸው የጀመሩት ነገር ነው። ራሂማ ከነርስነቷ ጡረታ ከወጣች ጀምሮ አብራቸው ናት። "ተራምደው ያቀለሉትን ሆድ ተቀምጠው በጥብስ ይመልሱታል" እያለች ትስቅባቸዋለች።

የዚያን ቀን አብዛኛው ሰው ለቅሶ ቤት ስለዋለ ጉዞው የጥቂቶች ሆነ።

ራሂማና ባሏ ሱሩር አሉ። ነገር ሳያበላሽ መዋል የማይችለው ሙንዚር አለ። ዝምተኛው ከሊድ አለ፤ ሚስቱ ዚክራ ጉልበቷን ስላመማት ሆጤ ሰፈር፣ ቤቷ ቀርታለች። ክርስቲያኑ መምህር ጋሽ ወልደ ሚካኤል ደግሞ እንደ ወትሮው የራሱን ሽሮ በምሳ ዕቃ ይዟል። የእስላም ሥጋ አይበላም፤ ከእስላም ማዕድ ግን ተለይቶ አያውቅም።

ከፒያሳ በሚኒባስ ተነሥተው በኮምቦልቻ በኩል ወረዱ። ሐርቡ ላይ በግ ገዙ። መኪናው አስፋልት ዳር ቀረና በእግራቸው ወደ ወንዙ ቁልቁል ሄዱ።

አራጃቸው ሁልጊዜም ሱሩር ነው።

ግን ከክረምቱ ወዲህ የሱሩር እጅ ይንቀጠቀጣል። ሻይ ሲጠጣ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይይዛል። ለማንም አልተናገረም። ራሂማም አይታ እንዳላየች ሆናለች። አርባ ዓመት ከባድ መኪና የነዳ ሰው፣ እጁ ከዳው ሲባል ምን እንደሚሰማው ታውቃለች።

ወንዙ ዳር አንድ ትልቅ ዋርካ አለ። ከሥሩ ሰፈሩ። ሱሩር ቢላውን ድንጋይ ላይ ይስላል... ይስላል... ይስላል።

"ሱሩር፣ በጉ በእርጅና ሊሞት ነው" አለ ሙንዚር።

ሁሉም ሳቁ። ራሂማ አልሳቀችም። የባሏን ጣቶች እያየች ነበር።

ያኔ ነው ሰውዬውን ያዩት።

ከኋላቸው ቆሟል። ጠጠር ላይ ሲራመድ ማንም አልሰማም። ሽማግሌ ነው። ነጭ ጀለቢያ ለብሷል፤ ባዶ እግሩን ነው። ከወንዙ ማዶ የመጣ ይመስላል...

እግሩ ግን ደረቅ ነው።

"አሰላሙ አለይኩም" አለ ከሊድ።

ሰውዬው ሰላምታውን አልመለሰም።

"ማነው የሚያርደው?" አለ።

ሱሩር ብድግ አለ። ፊቱ ላይ የነበረው ጭንቀት ባንድ ጊዜ ሲለቀው ራሂማ አየች።

"ታላቅ እያለ ታናሽ አያርድም" አለ ሱሩር፤ ቢላውንም በሁለት እጁ ዘረጋለት። "እርስዎ ይባርኩልን።"

ሰውዬው በጉን ጣለው። በግራ ጎኑ መጣል ሲገባው በቀኝ ጎኑ ነው የጣለው። ፊቱን ሳይሆን ጀርባውን ለቂብላ፣ ለስግደት አቅጣጫ፣ ሰጥቶ። ሱሩር የበጉን እግር ያዘ፤ ዓይኑ መሬት ላይ ነው፣ ቀና ብሎ አላየም።

ራሂማ ግን የሰውዬውን አፍ ታይ ነበር። ቢስሚላህ እስኪል ጠበቀች...

ከንፈሩ እንደተገጠመ ነው።

"የአላህን ስም ይጥሩ እንጂ" ማለት ነበረባት። አንዲት ቃል ናት። ቃሏ ምላሷ ጫፍ ድረስ መጥታ ነበር። ግን እሷ ከተናገረች ሰውዬው ይቆጣል፤ ከተቆጣ ቢላው ወደ ሱሩር ይመለሳል፤ ሱሩር በዚያ እጁ፣ በሙንዚር ፊት... ሙንዚር እስከ ዕለተ ሞቱ ሲያላግጥበት ይኖራል።

ለባሏ ብላ ዝም አለች።

ቢላው አለፈ።

በጉ አልተራገጠም። አንዴም። ደሙም ወደ ወንዙ አልወረደም። ዳገቱን ይዞ ወደ ላይ፣ ወደ ዋርካው ሥር ሄደ።

ሊያመሰግኑት ቀና ሲሉ ሰውዬው ወንዙን ተሻግሮ ማዶ ሣሩ ላይ ተቀምጧል።

"ቢላችንን ይዞት ሄደ'ኮ" አለ ከሊድ።

"አብሽር፣ ለምሳ ስንጠራው ያመጣዋል" አለ ሱሩር። ደስ ብሎታል። በሰንጢው ገፈፈ፤ በድኑን ቅርንጫፍ ላይ ሰቀለ፤ ሙንዚር እሳት አያያዘ።

ሥጋው ምጣዱ ላይ ይነቃነቃል።

"ትኩስ ነዋ" አለ ሙንዚር።

እውነት ነው፣ ትኩስ ሥጋ ይነቃነቃል። ይህን ራሂማም ታውቃለች። ለመክተፍ ከፊቷ ያለውን ታፋ ስትይዝ ግን ጣቶቿ እንደ ልማዳቸው አንድ ቦታ ላይ አረፉ። ስንት ዘመን የሰው አንጓ የዳሰሱ ጣቶች ናቸው።

ትር... ትር... ትር...

የልብ ምት ነው።

ታፋውን ለቀቀች። ወደ ሱሩር ዞረች። እሱ በዕድሜ ታላቅ ስለሆነ መጀመሪያ ቀርቦለት እያላመጠ ነው።

"ትፋው" አለችው በሹክሹክታ።

"ምን?"

"ትፋው አልኩህ።"

"ምን ሆነሻል... ሰው ፊት?"

ዋጠው።

ማዶ ያለው ሰውዬ አንዲት ሣር ነቀለ። ወደ ብርሃኑ አነሣት። በቢላው ቆረጣት።

ሙንዚር አንገቱን አከከ። "ይቺ ትንኝ" አለ። እጁን ሲመልስ ጣቱ ላይ ደም አለ። ሳቅ አለና ሊያሳያቸው ቀና ሲል አንገቱ ላይ ያለው ቀጭን ቀይ መስመር ተከፈተ።

ደሙ እሳቱ ላይ ተረጨ። እሳቱ ጭሶ ጠፋ።

ሙንዚር ሊናገር ፈለገ፤ አየሩ ግን በተቆረጠው በኩል ወጣ። ራሂማ ዘላ ያዘችው። ሻሿን አውልቃ ቁስሉ ውስጥ ጠቀጠቀች፤ ሻሹ በቅጽበት ራሰ። እግሩ ጠጠሩን ይደበድባል፣ ተረከዙ እየተላጠ። በጉ ያልተራገጠውን እሱ ተራገጠ። ከዚያ እቅፏ ውስጥ ፀጥ አለ።

ማዶ ሁለተኛዋ ሣር ተቆረጠች።

ከሊድ ተንበረከከ። በጣቶቹ መሀል ደም ይፈስሳል።

"ጋሽ ወልደ ሚካኤል... ይጫኑት! በሁለት እጅዎ!" ጮኸች ራሂማ።

መምህሩ ምሳ ዕቃውን ጥሎ ከሊድ ላይ ወደቀ። "አፈር ስሆን ጌታዬ፣ አፈር ስሆን" እያለ ይጫነዋል፤ ደሙ እስከ ክርኑ ደርሷል።

ሰውዬው ሦስተኛዋን ሣር ያዘ። ዓይኑ ሱሩር ላይ ነው።

ሱሩር አንገት ላይ እንደ ክር የቀጠነ መስመር ብቅ አለ።

ራሂማ ድንጋይ አነሣች። ወንዙን እንዴት እንደተሻገረች ዛሬም አታውቅም። ስትደርስ ሰውዬው አልተነሣም። ፊቱን በድንጋዩ አለችው። ደረቅ ቅል ሲሰበር የሚሰማው ድምፅ ተሰማ። ደገመችው። ጉንጩ ሰርጉዶ ገባ፤ ጥርሱ ረገፈ፤ አንዲት ጠብታ ደም ግን አልወጣም። አይከላከልም። አይጮኽም። በተሰባበረ ፊቱ ቢላውን ሣሯ ላይ ያንሸራትታል... ቀስ እያለ... እየገዘገዘ...

ጣቶቹን ያዘች። አልላቀቅ ሲሏት አንድ በአንድ ወደ ኋላ ሰበረቻቸው። ቀጭ... ቀጭ... ቀጭ።

ቢላውን ስትቀማው በቀረው አፉ ተናገረ። ድምፁ ለስላሳ ነበር።

"አንቺ አይተሻል። መናገር የነበረብሽ አንቺ ነሽ።"



ራሂማ ተመልሳ ሮጠች። ወደ ባሏ አይደለም፤ ወደ በጉ ጭንቅላት። ዋርካው ሥር ተጥሏል። ጎንበስ አለች...

የበጉ ዓይን ተርገበገበ።

አልሞተም። እስከ አሁን አልሞተም።

ጭንቅላቱን ወደ ቂብላ አዞረችው። እጇ በሙንዚር ደም ይንሸራተታል። "ቢስሚላሂ፣ አላሁ አክበር" አለች፤ የልጅ ልጆቿ እንኳ የማያውቁት ድምፅ ነው የወጣት። ቢላውን በተቆረጠው ላይ እንደገና አሳለፈችው።

ቅርንጫፉ ላይ የተሰቀለው፣ ቆዳው የተገፈፈው፣ ታፋው የተቆረጠው በድን አንድ ጊዜ በኃይል ተራገጠ። ቆመ።

የበጉ ዓይን ተከደነ።

ከሊድ አንገት ላይ ደሙ ቆመ። ሱሩር አንገቱን ዳሰሰና ጣቱን አየ። ማዶ ማንም የለም። ቢላውን ጥልቁ ውሃ ውስጥ ወረወረችው።

ለፖሊስ "የማናውቀው ሽማግሌ በቢላ ገደለው" አሉ። ውሸት አይደለም። ሙንዚርን በማግስቱ ቀበሩት። ራሂማ ከሁሉ በላይ ለእሱ አለቀሰች፤ ያንን ነገረኛ ምላሱን ፈርታ ዝም ያለችው እሷ ናትና።

ሱሩር ግን ዳነ። ጠባሳ እንኳ የለውም። እጁም መንቀጥቀጡን ተወ። ሻዩን በአንድ እጁ ሲጠጣ ስታይ "አልሐምዱሊላህ" አለች።

ከዚያ ባለፈው ሐሙስ...

ከገበያ ስትመለስ ሱሩርን ግቢ ውስጥ አገኘችው። ሲሚንቶው ላይ ተጋድሟል። በግራ ጎኑ ነው። ፊቱ ወደ ቂብላ። ጉልበቶቹን ሰብስቧል። አንገቱን ደግሞ ውሃ መውረጃው ጠርዝ ላይ ዘርግቶታል።

ስትሮክ መሰላት። ሮጣ አንጓውን ያዘች። ደህና ነው። ዓይኑ ክፍት ነው።

"ሱሩር?"

"አቤት።"

"ምን እየሠራህ ነው?"

"እየጠበቅኩ።"

"ማንን?"

 አንገቱን ትንሽ ወደፊት ገፋ አደረገ።

ቀና ስትል ፀሐይ አናቷ ላይ ናት። ስልኳን አውጥታ ዚክራ ጋ ደወለች።

"ዚክራ... ከሊድ የት ነው?"

"ግቢ ጋደም ብሏል። ምነው?"

"በየት ጎኑ?"

"እንዴ... እኔ ምን አውቄ?"

"በአላህ ይሁንብሽ፣ እዪው።"

የዚክራ ነጠላ ጫማ ሲጎተት ይሰማል። በር ተከፈተ።

"በግራው ነው" አለች ዚክራ። "አንገቱን ግን... ምን ብሎ ነው እንዲህ የዘረጋው? ከሊድ? ከሊ—"

ስልኩ ወደቀ። ከዚያ የዚክራ ጩኸት... ከጩኸቷ ሥር ደግሞ ሲሚንቶ የሚደበድብ ተረከዝ።

ራሂማ ስልኳን ጥላ ባሏ ላይ ወደቀች። አንገቱን በሁለት እጇ ሸፍና፣ ጥላው እስኪዘም ድረስ "ቢስሚላህ" እያለች ቆየች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በየቀኑ ቀትር ላይ ይኸው ነው። ሱሩር ይወጣል፣ ይጋደማል። ብትዘጋበት በሩን በግንባሩ እየደበደበ ይደማል። ስለዚህ ትከፍትለታለች። ከጀርባው ትተኛለች። መዳፏን አንገቱ ላይ ታደርጋለች። አርባ ዓመት አብራው ኖራለች፤ ለማን ትተወው?

"ደክሞኛል" አለችኝ ትናንት ልጠይቃት ስሄድ። እንዲህ ስትል ሰምቻት አላውቅም።

እጇን ከነጠላዋ ሥር አውጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው።

በእጇ ጀርባ ላይ፣ ከአውራ ጣቷ ሥር እስከ ትንሿ ጣቷ፣ እንደ ክር የቀጠነ ቀይ መስመር ተሰምሯል። ከሥሩ ሌላ አለ። ከሥሩም ሌላ።

የመጨረሻው ነጭ አጥንቷን ያሳያል።