ጥርት ብለው የወጡት ፎቶዎች

ፎቶ አንሺዋ ሞታ የተገኘችው ከጠረጴዛዋ ሥር፣ ጣውላው ወለል ላይ ነው። ጠረጴዛው ላይ ካሜራው ማቆሚያው ላይ እንዳለ አንዲት የወርቅ ቀለበት ላይ አፍጥጧል። የምትስበው የአስም መድኃኒት ከበሩ ውጭ፣ ኮቷ ኪስ ውስጥ ነበር። የልብስ ብናኝ ቀለበት ላይ እንዳያርፍ ኮቷን ሁልጊዜ ደጅ ትሰቅላለች።

መርማሪው ሽማግሌ ነው፤ ከሚናገረው የሚያየው ይበዛል። መጀመሪያ የሟችን እኅት ጠየቀ።

«ባሏ ነው» አለች። «ደጅ ኮቷ ሥር ተቀምጦ መድኃኒቷን ነፈጋት። አሁኑኑ እሰሩልኝ።»

ባልየው አንገቱን ደፍቷል። «ስትወድቅ ሰማሁ። ወዲያው ሮጬ ገባሁ። አልደረስኩላትም።»

ቀለበቱን የሠራው አንጥረኛ ከጎረቤት መጣ።

«ሌላ ሰው ገብቶ ይሆን?» አለው መርማሪው።

«ማን ደፍሮ ጌታው? ካሜራው እየሠራ እዚህ ወለል ላይ የረገጠ አበሳውን ያያል። እኔን አስነጠስክ ብላ ያባረረች ሴት እኮ ናት።» ሊስቅ ጀመረና ተወው።

መርማሪው ካሜራው ውስጥ ያሉትን ፎቶዎች አንድ በአንድ አየ። ከዚያ ሦስቱንም ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበ። አንጥረኛውን እስከ በሩ እንዲራመድ አዝዞ ቀለበቱን በካሜራው አነሳ። ጣውላው ስለተንቀጠቀጠ ፎቶው ደብዛዛ ሆኖ ወጣ።

«ትንሽ ዕቃ ከቅርብ ሲነሳ ጥርት የሚለው የፀጉር ውፍረት ያህሉ ብቻ ነው» አለ። «ስለዚህ ካሜራው በራሱ ጥቂት ጥቂት ፈቀቅ እያለ ከቀለበቱ ፊት እስከ ጀርባው ያነሳል። ኋላ የጠራ የጠራው ይገጣጠማል። የሟች የመጨረሻ ፎቶዎች እነዚህ ናቸው። መሐል ላይ ጥቂቶቹ ተንቀጥቅጠዋል፤ የወደቀች ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲያ እስከ መጨረሻው ጥርት ብለዋል። ወለሉን የረገጠ የለም። ወርቁ ላይ እንደ መስታወት የሚታየውም በር እንደተዘጋ ነው።»

«ታዲያ ሮጬ ገባሁ ያለው?» አለች እኅቲቱ።

«ዋሽቷል። ግን ቆሞ ሞቷን አላየም። ልጄ፣ ደጅ ሆነህ ምን ትጠብቅ ነበር?»

ባልየው በእጁ ወደ ካሜራው ጠቆመ።

«ካሜራው እስኪጨርስ» አለ። «ባለፈው ውሃ ላቀብላት ገብቼ የቀን ሥራዋን አበላሸሁባት። አለቀሰች። ዳግመኛ አልገባም ብዬ ማልኩላት። ድው ሲል መብራቱ የወደቀ መሰለኝ። ካሜራው ግን ቀጭ ቀጭ ማለቱን አልተወም፤ እየሠራች ነው አልኩ። ሲያቆም ገባሁ።»

ከዚያ ቀና ብሎ እኅቲቱን አያት።

«ያኔውኑ ብገባ ትተርፍ ነበር?»

አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ጠዋት ለእሷና ለመርማሪው ቁርጡን ነግሯቸዋል፤ መድኃኒቱ ቢደርስላት ትተርፍ ነበር። መርማሪው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

እኅቲቱ ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠች።

«አትተርፍም ነበር፣ ወንድሜ» አለችው።